የብሎክ 10 ሞክሼ

ሞክሼ ማግኘት ደስ ይላል። ታክሲ ውስጥ አንዱ ስሜን ጠርቶ ሌላው «አቤት» ሲል ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል፤ «ሞክሼ!» እንባባልና ለሁለት ፌርማታ ያህል ዘመድ እንሆናለን። አንዳንዱማ ሂሳቤን ይከፍልልኛል። ስለዚህ «ሞክሼ ጎዳኝ» የሚል ሰው ካለፈው ዓመት በፊት ቢገጥመኝ አላምነውም ነበር። አሁን አምናለሁ። በሞክሼ የተነሳ ብሎክ 10 እና ብሎክ 11 ሰላምታ ተነፋፍገው አንድ ወር ከርመዋል፤ ያጣላኋቸውም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከመሰላል ነው። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም 11 ብሎክ አለው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት። ስለዚህ ከጋራ መገልገያው ቤት ጀርባ ለየብሎኩ አንድ አንድ ትልቅ ሮቶ ተደርድሯል። የሌሊት ጥበቃችን ውሃ በመጣ ቁጥር የእጅ ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው መሰላል ይወጣሉ፣ ክዳን ይከፍታሉ፣ «የ4 ሞልቷል፣ የ7 ገና ነው» እያሉ የአንዱን ቧንቧ ዘግተው የሌላውን ይከፍታሉ። ሲሞላ በራሱ ይዘጋል የተባለው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ ዘመን የለውም። አንድ ሌሊት ታዲያ መሰላሉ አንሸራተታቸው። ተመስገን ነው፣ ጉዳቱ ጉልበት ከመላጥ አላለፈም። ኮሚቴው ግን ተሰበሰበ። ኮሚቴ ሲሰበሰብ ሥራው በቀረ ሰው ላይ ይወድቃል፤ የዚያን ዕለት የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

«ኢንጂነር፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለም እንዴ?» አሉኝ ሊቀመንበራችን በማግስቱ ደረጃ ላይ ጠብቀው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሹም ናቸው። በእኛ ግቢ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቀጥላል፣ የልጆችን የፈተና ውጤት ከኢንተርኔት ያወጣል። ኢንጂነርም አይደለሁም፤ ግን ማዕረግ የሰጠን ሰው ማረም ነውር ነው ብዬ ዝም ካልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ሐሳቤ ይህ ነበር፦ በየሮቶው ክዳን ሥር ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጥ ሴንሰር ይገጠማል። ማሚቶው ቶሎ ከተመለሰ ውሃው ቅርብ ነው፣ ሮቶው ሞልቷል፤ ከዘገየ ጎድሏል። አንዱ ሴንሰር ከመብራቱ ገመድ ሌላ ሁለት የምልክት ገመድ ይፈልጋል፤ አርዱዊኖ ሜጋ የሚባለው ሰሌዳ ደግሞ 54 ማስገቢያ ስላለው ለ11 ሮቶ ይተርፋል። መርካቶ ገብቼ ሰሌዳውን፣ ሴንሰሮቹንና አንዲት ትንሽ ስክሪን ገዛሁ። ስክሪኗ ጥበቃ ቤት ትሰቀላለች፤ ጥበቃችንም ብርድ ልብሳቸውን ሳይገልጡ የሁሉንም ሮቶ ልክ በመቶኛ ያያሉ። ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ ጻፍኩት። ሲ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ እንደ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎችም ሲቆጣ ምን እንዳጠፋህ አይነግርህም።

ፕሮግራም ሲጻፍ ቁጥር ለሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ ስም ይወጣል። እኔ ደግሞ ስም ማውጣት ላይ ድኩም ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ እስከ ክርስትናዋ፣ ማለትም 80 ቀን ሙሉ፣ «ሕፃኗ» ስትባል ነው የኖረችው። ለሮቶዎቹም አልተጨነቅኩም፤ የብሎክ 1ን በእንግሊዝኛው ትልቁ ቢ «ቢ1» አልኩት፤ የብሎክ 2ን «ቢ2»፤ እንዲህ እያልኩ እስከ «ቢ9»። ብሎክ 10 እና ብሎክ 11 «መዋጮ አንከፍልም፣ መሰላል ይበቃናል» ብለው ስለነበር ለእነሱ ስም አላወጣሁም። ሙያውን የሚያውቅ አንባቢ «ለምን በአሬይ አልደረደርካቸውም?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። መደርደር ነበረብኝ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ኮምፓይለር ሰጠሁት። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ ከቁጥር በፊት ስም ስጠብቅ ነበር፣ ይላል። የቱ ቁጥር? የጻፍኩት ስም ነው። ደግሞ ስህተቱ አለ የተባለው እኔ በጻፍኩት ፋይል ውስጥ እንኳ አይደለም፤ «ባይነሪ» በሚባል፣ ከአርዱዊኖው ጋር አብሮ የመጣ፣ ከፍቼው በማላውቀው ሄደር ፋይል ውስጥ ነው። ከሥሩ በደብዛዛ ቀለም «ቢ1 የሚባለው ማክሮ ሲዘረጋ» የምትል ማስታወሻ ነበረች። አላነበብኳትም። ቀይ ያየ ሰው ደብዛዛ አያነብም።

ስህተቱ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ነው ከተባለ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ይህ ድምዳሜ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የተበላሸ ነገር ነው የጫንኩት አልኩና የአርዱዊኖውን ሶፍትዌር ከሥሩ ነቅዬ እንደገና ከኢንተርኔት አወረድኩት። የወር ጥቅሌ በአንድ ሌሊት አለቀ። ያው ፋይል፣ ያው መስመር፣ ያው ቀይ ጽሑፍ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሌሊት ወደ ድሮው ዘዴ ገባሁ፤ ግማሹን ኮድ መሸፈን፣ መሞከር፣ የቀረውን ደግሞ በግማሽ መሸፈን። እንዲህ እያጠበብኩ አንዲት መስመር ላይ ደረስኩ፤ ቢ1 የተሰየመበት መስመር። እሱን ሳወጣው ሁሉም ሰላም ነው። ቢ2 ጤነኛ ነው፤ ቢ3ም፤ እስከ ቢ9 ድረስ ሁሉም ጤነኞች። በአንድ ትንፋሽ የሰየምኳቸው ዘጠኝ ወንድማማቾች ሆነው በኩሩ ብቻ ታማሚ ነው። ባለቤቴ ለልጅቱ ውሃ ልትቀዳ ተነስታ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ አገኘችኝ።

«አሁንም እሱ ነው?»

«አንዱ ብቻ አልድን አለ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።»

«ስሙን ቀይርለታ» አለች። እናቷ አገር ሕፃን እየታመመ ካስቸገረ ስሙ ይለወጥለታል፤ ሞት እንዳያውቀው ማለት ነው። እኔም ሳቅሁባትና ቢ1ን «ብሎክ ዋን» ብዬ ለወጥኩት። ዳነ። ወዲያው ዳነ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። መድኃኒቱን አገኘሁ እንጂ በሽታውን አላወቅሁም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የዳነ በሽተኛን ቀስቅሶ «ምን ነበር ያመመህ?» የሚል የለም። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ።

ስክሪኗ ተሰቀለች፤ መሰላሉ ጡረታ ወጣ። ጥበቃችን መረቁኝ። ይህን ያዩት ብሎክ 10 እና ብሎክ 11 በሁለት ሳምንት ውስጥ መዋጯቸውን ከፍለው «እኛንም አስገባን» አሉ። ሴንሰራቸውን ገጠምኩ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ሰርግ ተጠርተናል፤ ባለቤቴ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ኮዱ ስክሪን ላይ የሚጽፍበት ክፍል ሄጄ «ቢ10ን አሳይ፣ ቢ11ን አሳይ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ጨመርኩ። ከዚያ በፊት ቢ10 እና ቢ11 የሚባሉ ማስቀመጫዎችን መሰየም፣ ሴንሰራቸውንም ማስነበብ ነበረብኝ። ረሳሁት። ሲ ያልተሰየመ ስም ሲያገኝ «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይጮኻል፤ የምተማመነውም በዚያ ጩኸት ነበር። አልጮኸም። እኔም ወደ ሰርጉ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኗ «ብሎክ 10፦ 2 በመቶ፣ ብሎክ 11፦ 3 በመቶ» ትል ጀመር። ጠዋትም፣ ማታም፣ ውሃ በመጣበትም ባልመጣበትም ቀን። ለሰላሳ ቀን ያልተለዋወጠ ቁጥር አንድ ሰው እንኳ ማስጠርጠር ነበረበት። ማንም አልጠረጠረም። ውሃ ሞልቷል ቢል ኖሮ ያን ዕለት ወጥተው በዱላ ይለኩት ነበር፤ ውሃ የለም የሚልን መሣሪያ ግን ማን ይጠራጠራል?

እንዲያውም ሌላ ነገር ተጠረጠረ። የብሎክ 10 ሰዎች «እነ 11 ሁልጊዜ በአንድ የሚበልጡን ለምንድነው?» ይሉ ጀመር። በአንድ በመቶ! ጥበቃው የብሎክ 11 ሰው አገር ልጅ ናቸው ተባለ። ብሎክ 11 በበኩሉ «የኛን 3 በመቶ ያየ ዓይን አይባረክ» አለ። ሁለቱም ብሎክ ልብስ ማጠብ በሳምንት አንዴ እንዲሆን ወሰነ። ጥበቃችን ደግሞ ምስኪን፣ ስክሪኗ ላይ 2 እና 3 እያዩ በሐዘኔታ የሁለቱን ቧንቧ ከሁሉም አስበልጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይተዉላቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በግቢው ውስጥ እስከ አንገቱ የሞላ ሮቶ ያላቸው ሁለት ብሎኮች ናቸው፤ በጥም የተጣሉትም እነሱ ናቸው።

በወሩ አንድ ሌሊት ውሃው በብሎክ 10 ሮቶ ክዳን ላይ ፈልቶ ወርዶ፣ የአበባውን አፈር ጠራርጎ፣ ጥበቃ ቤት ገብቶ የጥበቃችንን ጫማ አንሳፈፈ። ሌሊት ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ስወርድ የብሎክ 10 ተወካይዋ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ድረስ ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ስክሪኗ 2 በመቶ ትላለች።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «ሁለት በመቶው ይህን ካደረገ መቶ በመቶው ወዴት ሊያደርሰን ነው?»

«እትዬ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ነገን ግን አልጠበቅኩም፤ ያንኑ ሌሊት ተቀመጥኩ።

አሁን ስለ ፕሪፕሮሰሰር ልናገር። ማወቅ የነበረብኝ ያኔ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነበር፤ ተምሬዋለሁም፤ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም። የሲ ፕሮግራም ኮምፓይለሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሌላ እጅ ያልፋል። ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስታውሱ። «በሬዬን ወሰደብኝ» ትሉታላችሁ፤ እሱ «ንብረትነቱ የአመልካች የሆነ አንድ የቀንድ ከብት» ብሎ ይጽፋል፤ ዳኛው የሚያዩት እሱ የጻፈውን ነው። ፕሪፕሮሰሰሩም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ማመልከቻ ጸሐፊው ነገሩ ይገባዋል፣ ፕሪፕሮሰሰሩ ግን ሲ የሚባል ቋንቋ አይገባውም። በእጁ ያለው መዝገብ ብቻ ነው፦ ይህን ቃል ያየህበት ሁሉ በዚህ ተካ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃል ማክሮ ይባላል። የማን ስም ነው፣ የት ቦታ ነው የቆመው፣ ተለዋዋጭ ነው ወይስ ፈንክሽን ብሎ አይጠይቅም። አየው፣ ተካው፣ አለፈ። ዳኛው፣ ይኸውም ኮምፓይለሩ፣ የተተካውን አንብቦ ይፈርዳል፤ ፍርዱ የሚደርሰው ግን ለእኔ ነው።

ሰረዝ ጽፎ ትልቁን ኢ የሚያስከትል ትእዛዝ አለ፤ ኮምፓይለሩን «አንተ ቆይ፣ መጀመሪያ ማመልከቻውን ራሴ ልየው» እንደማለት ነው። አዘዝኩት። ከ200 መስመር የማይበልጠው ኮዴ ከየሄደሩ የተጎተተውን ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ብዙ ሺህ መስመር ሆኖ ተዘረገፈ። ታች፣ መጨረሻው ላይ፣ የእኔዎቹን አገኘኋቸው። «ቢ10ን አሳይ» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ «2ን አሳይ» ይላል። «ቢ11ን አሳይ» ያልኩበት «3ን አሳይ»። ሴንሰር የለም፣ ሮቶ የለም፣ ውሃ የለም። ሁለት እና ሦስት ብቻ።

ያ ከፍቼው የማላውቀው «ባይነሪ» ፋይልም ለካ የሞክሼ መዝገብ ነው። የአርዱዊኖ ሰዎች ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ ለሚጽፍ ሰው እንዲመች ብለው ከአንድ እስከ ስምንት አሃዝ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝረውታል፤ ቢ0፣ ቢ1፣ ቢ10፣ ቢ11፣ ቢ100፣ እየተባለ እስከ ቢና ስምንት አንዶች ድረስ። በዚያ ስሌት 10 ማለት 2፣ 11 ማለት 3 ነው። ቢ2 እስከ ቢ9 መዝገቡ ላይ የሉም፤ በ0 እና በ1 ስለማይጻፉ። ለዚህ ነው ስምንቱ ጤነኛ፣ በኩሩ በሽተኛ የሆነው፤ «ቢ1 የሚባል ማስቀመጫ አለኝ» ብዬ የላክሁት ኮምፓይለሩ ዘንድ «1 የሚባል ማስቀመጫ አለኝ» ሆኖ ደርሷል፤ ከቁጥር በፊት ስም ጠብቄ ነበር ማለቱ እውነቱን ነው። ቢ10ን ደግሞ አልሰየምኩትም እንጂ ብሰይመው ኖሮ ያኔውኑ ይጮኽብኝ ነበር። ስንፍናዬ ላይ ሞክሼው ተጨምሮ ነው ዝም የተባለው። አሥራ ሁለተኛ ብሎክ ቢኖረን ስህተቴ ቅዳሜ ማታ፣ ሰርጉ ሳይጀመር፣ በተያዘ ነበር።

ንዴቴ ሲበርድ ይህን ነገር ማን አመጣው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ሲን የሠራው ዴኒስ ሪቺ ነው፣ በአሜሪካው ቤል ላብስ። ራሱ እንደጻፈው ፕሪፕሮሰሰሩ የተጨመረው በ1972 እና በ73 አካባቢ ነው፤ አለን ስናይደር ጎትጉቶት። መጀመሪያ ሥራው ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱን ፋይል ሌላው ውስጥ ማስገባትና ቃልን በቃል መተካት። ከዚያ ማይክ ሌስክ፣ ቀጥሎም ጆን ራይዘር አስፋፉት። አልፈርድባቸውም። ያኔ ሰፈሩ ጠባብ፣ ሰዉ ጥቂት ነበር፤ አንድ ስም ሲጠራ አቤት የሚለው አንድ ሰው ነው። አርባ ሺህ ሰው ሲሰፍርበት ነው ችግሩ።

ቶሎ ያበደበት ሰውም አለ። ስቲቨን ቦርን ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና ትእዛዝ የሚቀበልበትን ሼል ሲጽፍ ልቡ አልጎል የሚባለው ቋንቋ ላይ ስለነበረ ማክሮ ደርድሮ ሲን የአልጎል ልብስ አለበሰው። በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ያለውን ያን ኮድ ያየ ሰው ሲ ነው ለማለትም አልጎል ነው ለማለትም ይቸግረዋል። ላንደን ኖል እና ላሪ ባሰል የሚባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች አይተውት ተደንቀው፣ በ1984 ሰው ሊያነበው የማይችል የሲ ኮድ የሚሸለምበት ዓለም አቀፍ ውድድር ጀመሩ። በአንድ ሰው ናፍቆት ላይ የተሠራ ውድድር ነው እንግዲህ።

ብቻዬን የተበደልኩ መስሎኝ ሜሪላንድ ላለው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወልኩ። ሳቀብኝ፤ የእሱ ይብሳል። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም ሲጽፍ ካሜራው የሚያየውን የቅርቡን ርቀት «ኒር»፣ የሩቁን «ፋር» ብሎ ሰይሞ ነበር። ማን ሌላ ስም ያወጣል? ግን በድሮው ዘመን የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ በ64 ኪሎባይት እየተሸነሸነ ይሰጥ ስለነበር እዚያው ሽንሽን ውስጥ ያለው አድራሻ ቅርብ፣ ከዚያ የወጣው ሩቅ ይባል ነበር። ዘመኑ አለፈ። ቃላቱ ግን ለአሮጌ ኮድ ሲባል የዊንዶውስ ሄደር ውስጥ ቀሩ፤ ትርጉማቸው ባዶ ሆኖ። ማክሮው «ኒርን በምንም ተካ፣ ፋርን በምንም ተካ» ነው የሚለው። ጓደኛዬ ሁለት ስም ጻፈ፤ ኮምፓይለሩ ዘንድ የደረሰው አንድም የለም፤ እኩል ይሆናል የሚል ምልክት ብቻውን ቆሟል።

«ቅርቡም ሩቁም ጠፋብኝ እልሃለሁ» አለኝ።

«ስደት እኮ እንዲሁ ነው» አልኩት።

እዚያው ሰፈር «ሚን» እና «ማክስ» የሚባሉ የታወቁ ሁለት ረባሾች አሉ፤ ትንሹንና ትልቁን የሚመርጡ ማክሮዎች ናቸው፤ በእነሱ ስም ፈንክሽን የጻፈ ሁሉ አበሳውን ያያል። ሲ ፕላስ ፕላስ ሰፈርን ከሰፈር የሚለይ አጥር ሠርቷል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ግን ማክሮ አጥር አያይም፣ ከአጥሩ በፊት ነዋ የሚያልፈው። ለዚህ ሲባል ሄደሩን ከማስገባትህ በፊት «ሚንም ማክስም እንዳትል» የምትል አንዲት ቃል ትጽፋለህ፤ የሰከረ እንግዳ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቃል እንደማስገባት። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ካልከለከሉት በቀር «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል ራሱን በትንንሽ ፊደል ሲያገኘው 1 ያደርገዋል። የሊኑክስ ሰው የገዛ አገሩን ስም ለልጁ ማውጣት አይችልም ማለት ነው።

መሻርም ይቻላል፤ «ከዚህ በታች ይህ ስም ማክሮ አይደለም» የሚል ትእዛዝ አለ። እኔ ግን የሰው ስም መሻር አልወድም፤ የሻርከው ስም ከታች ለሌላ ሄደር የሚያስፈልግ ከሆነ ጠቡ ወደዚያ ይዛወራል። ሙያተኞቹ የተስማሙበት መላ የእኛው ነው፦ የአባት ስም። ፒኤንጂ የሚባለውን ሥዕል የሚያነበው ላይብረሪ የሚያወጣው ስም ሁሉ በ«ፒኤንጂ» ይጀምራል፤ ሌሎቹም እንደዚያው። እኛ የራሳችንን አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ እነሱ አባት ያስቀድማሉ፤ ሌላ ልዩነት የለውም። እኔም በዚያ ሌሊት ሮቶዎቹን ሁሉ የግቢያችንን ስም አባት አድርጌ እንደገና ሰየምኳቸው፤ የብሎክ 10ን እና የብሎክ 11ን ሴንሰር አስነበብኩ፤ ሊነጋጋ ሲል ስክሪኗ «ብሎክ 10፦ 100 በመቶ» አለች። ጥበቃችን ማመን አቅቷቸው መሰላሉን አወጡ።

እሑድ ኮሚቴው ጠራኝ። ስለ ፕሪፕሮሰሰር አሥር ደቂቃ ተናገርኩ። ፊታቸውን አይቼ አቆምኩ። ብሎክ 10 «በአጭሩ ምን እያልክ ነው?» አለ። «በአጭሩ፣ ቢ10 ሞክሼ ነበረው፤ ሲጠራ አቤት ያለው ሞክሼው ነው» አልኩ። ጸጥ አለ። ከዚያ ሊቀመንበራችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔን ጠይቁኝ» አሉ። አንድ ጊዜ ባንክ ሄደው ስማቸው ከነአባታቸው ሲጠራ ሌላ ሰው ተነስቶ ሄዷል። ከነአያት ሲባል አያትም ገጠመ። ያልወሰዱት ብድር ይጠየቁ ጀመር። በመጨረሻ የዳኑት ሞክሼው የእናቱን ስም ሲጠየቅ ነው። «እናቴ ባትኖር ኖሮ ዛሬ ባለ ዕዳ ነበርኩ፤ ልጁን ተዉት፣ ነገሩ ገብቶኛል» ብለው ዘጉት። ማክሮ እንደ እሳቸው ፈጥኖ የገባው ሰው አላየሁም፤ እኔን ጨምሮ። የብሎክ 10 እና የብሎክ 11 እርቅ ግን ቡና ተፈልቶ ነው፤ የተፈላውም በሁለት በመቶው ውሃ ነው እያሉ እስካሁን ይቀልዱብኛል።

እኔ ግን አንድ ሐሳብ ገባኝ። ሞክሼው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለምሰይም ነው፤ በግዕዝ ፊደል ብሰይምስ? በዓለም ላይ ካሉት ሄደሮች ውስጥ «ውሃ» የሚል ማክሮ የጻፈ ማን አለ? ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ጂሲሲ ደግሞ በ2020 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ስም እንዳለ ይቀበላል። በደስታ አርዱዊኖው ላይ «ውሃ» ብዬ ሞከርኩ። ከአርዱዊኖው ጋር የመጣው ጂሲሲ ለካ 7ኛው እትም ነው። «ባዝኖ የገባ ነገር አለ» ብሎ ጮኸ፤ አንዴ አይደለም፣ ስድስት ጊዜ። አንዱ ፊደላችን በኮምፒውተር ሦስት ባይት ስለሚይዝ ለሁለት ፊደል ስድስት ባዝኖ የገባ። ፊደላችን ከኮምፓይለሩ በር ላይ በየአጥንቱ ተለይቶ ሲቆጠር ማየት ደስ አይልም።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ግን አዲስ ነው። እሱ ላይ ለኮሚቴው የወሩን የውሃ ሪፖርት የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ስሞቹን በሙሉ በአማርኛ። ምንም ሞክሼ አልመጣም፤ ሄደሮቹ ሁሉ ባዕድ ናቸው። እንዳሻኝ ሰየምኩ። ከዚያ ኮምፓይለሩ «ውኃ የሚባል አላውቅም» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ሰይሜዋለሁ እኮ። ከላይ ሳየው የሰየምኩት በሃሌታው ሀ ነው፣ «ውሃ»፤ ከታች የጠራሁት በብዙኃኑ፣ «ውኃ»። ሞክሼ ስም ሸሽቼ ሞክሼ ፊደል ላይ ወደቅሁ። ኮምፓይለሩ ደግሞ ከስህተቱ አጠገብ በትሕትና ጨምሮ ጽፏል፦ «ውሃ ለማለት ፈልገህ ነው?»

የትኛው ነው ትክክል ብዬ ሊቀመንበራችን ዘንድ ሄድኩ፤ ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠሩ ሰው ናቸው። «በብዙኃኑ ኀ ነው እንጂ! ምን ማለትህ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ አልፈው የስክሪኗን ራስጌ በካርቶን ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ «የውኃ መጠን» ብለው ጽፈው ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ኮዱ ውስጥ ያለው ግን እስካሁን «ውሃ» ነው፤ አልነገርኳቸውም።